ጆሮዬ ይጮኻል፤ ምን ላድርግ?

የሳምንቱ ጥናት
የሚነበቡ ክፍሎች፦ 1ኛ ነገሥት 19፥1-13፤ ማርቆስ 7፥31-37፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 12፥7-10



በዚህ ሳምንት የምናጠናው ነገር በብዙ ቤት አለ፣ በጉባኤ ግን አይነገርም። ጸሎት ካለቀ በኋላ ለብቻ ትጠሩኝና «ወንጌላዊ፣ ጆሮዬ ይጮኻል፤ ሌሊት አያስተኛኝም» ትሉኛላችሁ። ለአንዱ እንደ ፌንጣ ሲር ይላል። ለአንዱ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ለሌላው ደግሞ ከልቡ ምት ጋር ድው ድው ይላል። እኔም ከጦርነቱ ወዲህ በግራ ጆሮዬ ስለሚጮኽብኝ የምትሉት ይገባኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ጥያቄ ነው፦ «የእግዚአብሔር ድምፅ በጸጥታ ይሰማል ትሉናላችሁ። እኔ ጸጥታ የለኝም። ታዲያ እኔን በምን ያናግረኛል?» ይህን ጥያቄ ቃሉ ይመልስልናል። ከዚያ በፊት ግን ሕመሙን እንወቀው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለም?

1. ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል። ከውጭ ምንም ሳይጮኽ ሰው በጆሮው ወይም በራሱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ነው። እግዚአብሔር በውስጠኛው ጆሯችን፣ ቀንድ አውጣ በሚመስል ጠባብ ቦታ፣ ወደ 15,000 የሚሆኑ ደቃቅ ፀጉር ያላቸው ሴሎችን አስቀምጧል። የገዳሪፍ ማሽላ ንፋስ ሲመታው ዘንበል እንደሚል፣ እነሱም ድምፅ ሲገባ ዘንበል ይሉና ወሬውን ወደ አንጎል ይልካሉ። ማሽላ ቢቆረጥ በሚቀጥለው ኸሪፍ ይዘራል። እነዚህ ግን አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

ያን ጊዜ አንጎል የጎደለበትን ድምፅ ፍለጋ የራሱን መስሚያ ከፍ ያደርጋል። ጣቢያው የጠፋ ራዲዮ ድምፁን ብትጨምሩት ሽሽሽ ይል የለ? እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ድምፁ እውነት ነው። ሰውየው አላበደም፣ አላስመሰለም። ጎረቤቱ ስላልሰማው ውሸት አይሆንም። በ2022 እ.ኤ.አ. ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከመቶ አዋቂ ሰው 14 የሚሆነው ይህ ድምፅ ይሰማዋል፤ ከመቶው 2 የሚሆነው ደግሞ በከባድ ይሠቃያል። እንግዲህ በጉባኤያችን መቶ ሰው ቢቀመጥ፣ ስንቱ ዝም ብሎ ይሸከመው ይሆን?

2. ጋኔን ነው ወይ?

ይህ ጥያቄ በደንብ መመለስ አለበት። አንዳንድ ሰው «መንፈስ ነው የሚያናግርህ» ተብሎ ጆሮው ላይ ተጩኾበታል። አንዳንዱ «የበደልከው ነገር ቢኖር ነው» ተብሏል። ጠንቋይ ጋ ሄዶ የራሽኑን ዘይትና ማሽላ ሸጦ የከፈለም አለ።

ጌታ አጋንንትን እንዳስወጣ እናምናለን። ግን ጌታ ራሱ ሁሉን ሕመም አንድ አላደረገም። በማርቆስ ምዕራፍ 9 መስማትና መናገር ስለሚከለክል መንፈስ ተጽፏል፣ ጌታም ገሠጸው። ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ፣ በማርቆስ 7፣ መስማት የተሳነውን ሰው ሲፈውስ ግን ስለ ጋኔን አንድም ቃል የለም። ጆሮውን በጣቱ ነካ። ለታመመው ጆሮ እንደ ጆሮ አደረገለት። እኛ ከጌታ በላይ አንፍጠን።

ዮሐንስ 9 ላይም ደቀ መዛሙርቱ ዕውሩን አይተው ጥፋተኛ ፈለጉ፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አይደለም አላቸው። ሕመም ባየን ቁጥር ኃጢአት የምንፈልግ ከሆነ፣ እኛም ያንኑ ስሕተት እየደገምን ነው።

የእምነት አባት የምንለው ማርቲን ሉተርም ይህ ሕመም ነበረበት። በ1530 እ.ኤ.አ. በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ የነቢያትን መጻሕፍት ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም፣ ራሱ ውስጥ ይጮኽበት ነበር። ሲበረታበት ሥራውን ያቆም ነበር። እሱም በዘመኑ እንደነበረው ሰው ሰይጣን ነው የሚያስጨንቀኝ ብሎ ለወዳጆቹ ጽፏል። ዛሬ ደብዳቤዎቹን ያነበቡ ሐኪሞች የውስጠኛው ጆሮ ሕመም እንደነበረበት ይናገራሉ። ድምፁ አማኝ ከመሆን አላወጣውም። ከዚያም በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1546 ድረስ ሰበከ፣ ጻፈ።

ጠላት ሕመማችንን ሊጠቀምበት ይችላል። ሌሊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ስንገላበጥ «እግዚአብሔር ትቶሃል» የሚል ሐሳብ ያመጣል። ያንን ሐሳብ በቃሉ ተቃወሙት። ጆሮውን ግን ለሐኪም አሳዩት።

3. ከየት ይመጣል?

ብዙ ምክንያት አለው። በእኛ ሰፈር የሚገኙትን ልንገራችሁ።

ከባድ ድምፅ። በ2013 ዓ.ም. ከጦርነቱ ሸሽተን በሐምዳይት በኩል ተሻግረን ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ የመጣን ሰዎች፣ ብዙዎቻችን ከባድ መሣሪያ በቅርብ ሲፈነዳ ሰምተናል። አንድ ፍንዳታ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያም ወፍጮ ቤት፣ ጄኔሬተር፣ ትራክተር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሰው ጆሮው ቀስ በቀስ ይጎዳል። መለኪያው ቀላል ነው፦ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው እንዲሰማችሁ መጮኽ ካስፈለጋችሁ፣ ያ ቦታ ጆሮን ይጎዳል። ወጣቶች ሆይ፣ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ ከፍ አድርጎ ማዋልም ያው ነው።

የጆሮ ኩክ እና መግል። አንዳንዴ ጆሮው በኩክ ስለተደፈነ ብቻ ይጮኻል። ይህ በክሊኒክ በቀላሉ ይወጣል። በክብሪት እንጨት ወይም በሽቦ ስንቆፍረው ግን ኩኩን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን፣ የጆሮ ታምቡርም እንቀዳለን። መግል የሚወጣው ጆሮም መታከም አለበት፤ በተለይ የልጆች።

መድኃኒት። ይህን በደንብ አንብቡት። ኩዊኒን የሚባለው የቆየ የወባ መድኃኒት ጆሮን ጭው ያደርጋል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲያልቅ ድምፁም ይሄዳል። አስፕሪንም በብዛት ሲወሰድ እንዲሁ ያደርጋል። ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ደግሞ መስማትን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከገበያ ገዝታችሁ በዘፈቀደ አትወጉ።

የካላአዛር ሕክምናም አለ። በገዳሪፍ፣ በሑመራና በመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሄደ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ ፓሮሞማይሲን የሚባለው፣ ጆሮን ሊነካ ይችላል። ታዲያ ላቁም? አይደለም! ካላአዛር ካልታከመ ይገድላል። ጆሮአችሁ መጮኽ ከጀመረ በዚያው ቀን ለነርሷ ንገሩ፤ ምን እንደሚደረግ እነሱ ይወስናሉ። በራሳችሁ ግን ሕክምናውን አቋርጣችሁ ከአልጋ እንዳትወርዱ።

ሌላም አለ፦ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የራስ ምት ወይም የራስ ቁስል፣ የመንጋጋ ሕመም፣ እርጅና። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ብቻቸውን ባያመጡትም ያብሱታል። እኛ ደግሞ ጭንቀት መቼ ጎደለን? በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ የሸሸነው ነገር ተከትሎን የመጣ የመሰለው ስንቱ ነው። የተጨነቀ አንጎል ጥበቃ ላይ እንዳለ ዘብ ነው፤ ትንሿ ድምፅ ትልቅ ትሆንበታለች።

4. ክሊኒክ ስትሄዱ

ሐኪም ፊት ቁጭ ስትሉ ሰዓቱ አጭር ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ይህን አስቡ፦ መቼ ጀመረ? በአንድ ጆሮ ነው በሁለቱ? አንድ ዓይነት ነው ወይስ እንደ ልብ ምት ይመታል? ምን መድኃኒት ወስዳችኋል? መስማታችሁ ቀንሷል? ያዞራችኋል? ጆሮአችሁ ውስጥ በመብራት እንዲያዩላችሁ፣ ግፊታችሁንና ደማችሁን እንዲለኩላችሁ ለምኑ። መለመን ነውር አይደለም፤ በኢያሪኮ መንገድ ዳር የተቀመጠው ዕውር «ዝም በል» ሲሉት አብልጦ ጮኸ እንጂ ዝም አላለም።

ቶሎ የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሦስት ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ በዚያው ቀን ሂዱ። ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው፣ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ውስጥ። ፊት ከተጣመመ፣ ከጆሮ ኋላ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ድምፁ ከራስ ምት በኋላ ከመጣ እንዲሁ አትዘግዩ። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ደግሞ «የጆሮ ሐኪም ይየኝ» ብላችሁ ሪፈር ጠይቁ። በኸሪፍ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ሳይቆም በፊት ብትጠይቁ ይሻላል።

እኔም አንድ ቦታ ሄጄ ሳያዩኝ «ምንም የለብህም፣ ትለምደዋለህ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ያማል። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ግን በመብራት አይቶ በትዕግሥት አስረዳኝ። አንዴ ስለተመለሳችሁ በሩን አትዝጉ።

ጆሮ ውስጥ ምንም አታፍሱ። የሞቀ ዘይት፣ ላምባ፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የቅጠል ጭማቂ ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከሕመሙ ይብሳል። «ይህን ክኒን ውሰድ፣ ድምፁ በሳምንት ይጠፋል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁንም አትመኑ። ምክንያቱ ከታወቀ፣ ኩክም ይሁን ግፊት ይሁን የደም ማነስ፣ እሱን ማከም ይቻላል። ከውስጠኛው ጆሮ ጉዳት የመጣውን ድምፅ ፈጽሞ የሚያጠፋ ክኒን ግን እስካሁን በየትም አገር የለም። ከውጭ ዘመድ የላከላችሁን ብር በዚህ አትጨርሱት።

5. የሚያስታግሰው

ክኒን የለም ማለት እረፍት የለም ማለት አይደለም። የብዙ ሰው አንጎል በወራት ውስጥ ድምፁን ወደ ኋላ መተው ይለምዳል። የምንረዳውም በዚህ ነው።

አንደኛ፣ ፍጹም ጸጥታን አትፈልጉ። ጨለማና ጸጥታ ድምፁን ያጎላዋል። ኸሪፍ ሲሆን ዝናቡ ሸራውን ሲመታ እንቅልፍ እንደሚወስዳችሁ አስተውላችኋል? ለስላሳ ድምፅ ያኛውን ስለሚያለዝበው ነው። ዝናብ በሌለበት ራዲዮ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ወይም ከጄሪካን ወደ ጣሳ ውሃ ጠብ ጠብ እንዲል አድርጉ፤ ውሃውን ጠዋት ትታጠቡበታላችሁ። ድምፁ ጆሮአችሁን የሚሸፍን ሳይሆን ከጎኑ የሚቀመጥ ይሁን።

ሁለተኛ፣ እንቅልፍን ጠብቁ። በአንድ ሰዓት ተኙ፣ በአንድ ሰዓት ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሱ። እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥታችሁ ቁጭ በሉ፣ መዝሙረ ዳዊትን በለሆሳስ አንብቡ፣ ማንበብ የማይችል የሚያውቀውን መዝሙር ያንጎራጉር። ሲያንጎላጅ ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ ስለ ድምፁ የምታስቡትን ለውጡ። «ይህ ያሳብደኛል፣ ይገድለኛል» ስንል ሰውነታችን ይደነግጣል፣ ድምፁም ይጨምራል። «ይህ የተጎዳ ጆሮ ድምፅ ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድለኝም» ስንል ዘቡ መሣሪያውን ያወርዳል። በውጭ አገር ሐኪሞች ሰውን በዚህ መንገድ እያስተማሩ ብዙዎች እፎይ ብለዋል። መስማት ለቀነሰበት ሰው ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ ድምፁንም ያለዝብለታል።

አራተኛ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። ሥራ ያዙ፣ ሰው ጋ ዋሉ።

6. ድምፁ ካልሄደስ?

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ጸጥታ ከሌለኝ እግዚአብሔር በምን ያናግረኛል?

ኤልያስን እንመልከት። ንግሥቲቱ ልትገድለው ስትፈልግ ሸሸ። ድንበር ተሻገረ፣ ብላቴናውን ትቶ ብቻውን በረሃ ገባ። እኛ ነን ማለት ነው። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። ታላቁ ነቢይ! እግዚአብሔር አልተቆጣውም። ስብከትም አልጀመረም። መጀመሪያ እንዲተኛ ተወው። ከዚያ በመልአኩ እጅ ትኩስ እንጎቻና ውሃ ላከለት፣ ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው የአርባ ቀን መንገድ ያስጓዘው። የደከመ ሰው እንቅልፍና ምግብ እንደሚያስፈልገው ፈጣሪው ያውቃል።

ኮሬብ ሲደርስ ነፋሱ ድንጋይ ሰበረ፣ ምድር ተናወጠ፣ እሳት ነደደ። ለስላሳው ድምፅ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ ኤልያስ እግዚአብሔርን የሰማው ጆሮው ያላየው ጩኸት ስለሌለ አይደለም። እግዚአብሔር ሊያናግረው ስለወደደ ነው። ጸጥታውን የሚያዘጋጀው ኤልያስ አልነበረም። እናንተም ጆሮአችሁን ጸጥ ማሰኘት አይጠበቅባችሁም። መስማት የተሳነው ሰው እግዚአብሔርን አያውቅም ያለ ማን ነው? በተጻፈው ቃል፣ ወንድም በሚዘረጋው እጅ፣ ሌሊት ከጎናችሁ በሚነቃው ሰው ይናገራችኋል። የሚጮኽ ጆሮ የእርሱን አፍ አይዘጋም።

ጳውሎስም የሥጋ መውጊያ ነበረው። ምን እንደሆነ አልጻፈልንም። እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። መውጊያው ቀረ፣ ጸጋው ግን በቂ እንደሆነ ተነገረው። «እምነት ስላነሰህ ነው» አልተባለም። ስለዚህ ሦስት ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ለምኑ፤ መለመን እምነት ነው። አልሄድ ካለም በዚያው ጸጋ መኖር እምነት ነው።

ሞት የሚያስመኛችሁ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለእኔ፣ ለሽማግሌዎች፣ ለክሊኒኩ። ኤልያስም ተናግሮታል፤ በልቡ አልያዘውም። እኛም አንነቅፋችሁም፤ አብረናችሁ እናድራለን።

7. ለጉባኤው

ጌታ በማርቆስ 7 ያን ሰው እንዴት እንዳገለገለው አስተውሉ። ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ከጩኸቱ አወጣው። ለማይሰማ ሰው በቃል አላብራራለትም፤ በእጁ እየነካ አሳየው። ወደ ሰማይ አይቶ ቃተተ። ከዚያ ጆሮው እንዲከፈት አዘዘ።

እንግዲህ እኛም ስንጸልይ በሰው ጆሮ ላይ አንጩኽ። እግዚአብሔር በሹክሹክታም ይሰማል፤ የታመመው ጆሮ ግን በጩኸታችን ይጎዳል። እጃችሁን ትከሻው ላይ አድርጉና በቀስታ ጸልዩ። ሞንታርቦውን ቀንሱት፣ ሕፃናትና አረጋውያን ፊቱ ላይ አይቀመጡ። በሚሰማ ድምፅ እንስበክ እንጂ በሚያደነቁር አይሁን። ጆሮው የሚጮኽበት ሰው ሲያነጋግራችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፣ ቢደግምባችሁ አትሰልቹ። ክሊኒክ ብቻውን መሄድ ለሚፈራ ደግሞ አብራችሁት ሂዱ። ይህም አገልግሎት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማርቆስ 7ን እና ማርቆስ 9ን አንብቡ። ጌታ ሁለቱን ሰዎች ያገለገለበት መንገድ በምን ይለያያል?
2. እግዚአብሔር ኤልያስን ከማናገሩ በፊት ምን ምን አደረገለት? በእናንተ ብሎክ እንዲህ የሚደረግለት ሰው ማን ነው?
3. ጆሮን የሚጎዳ ምን ልማድ በቤታችሁ፣ በሥራችሁ፣ በጉባኤያችን አለ? በዚህ ሳምንት የትኛውን እንተዋለን?

ጸሎት

ጆሮን የፈጠርክ አምላክ ሆይ፣ ሌሊቱ የረዘመባቸውን ወገኖቻችንን አስብ። ምክንያቱ የሚገኝ ከሆነ የሚያገኘውን ሐኪም አዘጋጅ። የሚፈወሰውን ፈውስ፤ የሚቀረውን ደግሞ በጸጋህ አሸክመን። እኛንም በወንድማችን ጆሮ ላይ ከመፍረድ ጠብቀን፣ የምንሰማው አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።